ክር የታሰረባቸው ቃጫዎች

እትዬ የሺ በስልሳ ዓመታቸው፣ እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በአንድ ቀን ጡረታ ወጣን።

የእሳቸው እውነተኛው ነው፤ ማኅተም ያለበት። የእኔን የሰጡኝ የመናፈሻው ጥበቃ ኦቦ ቱሉ ናቸው። የመሰናበቻው ቀን፣ የመሣሪያ ማስቀመጫዋ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዳቦ ተቆርሶ፣ ለስላሳ ተከፍቶ፣ ሁሉም ስለ እትዬ የሺ ደግ ደጉን ተናግሮ ሲጨርስ ኦቦ ቱሉ ወደ እኔ ዞሩና፣

«አንቺስ ሲፈን? ሦስት ክረምት ከአፈር ጋር ስትታገዪ ኖረሽ እንዲሁ ልትሄጂ ነው? በቃ፣ አንቺም ጡረታ ወጥተሻል!» አሉ።

ተጨበጨበልኝ። ትልቁን የአትክልት መቀስ በገመድ አስረው እንደ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ ሊያንጠለጥሉልኝ ሲሉ እትዬ የሺ «ኧረ ልጅቷን እንዳትቆርጧት!» ብለው ነጠቋቸው። ያ መቀስ ታሪክ አለው፤ እደርስበታለሁ። ብቻ በጣም ደስ አለኝ። ከክፍሌ ልጆች ጡረታ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ ማንኛውም ጡረተኛ እንደሚያደርገው የሥራ ዘመኔን ልተርክ ነው። የሚያስፈራ ነገር አለበት። እንዲያውም ብዙው የሚያስፈራ ነው።

መናፈሻው የከተማው ነው። ከሰፈራችን አስፋልቱን ተሻግሮ ነው ያለው፤ ናዝሬት ውስጥ ያን ያህል ጥላ ያለበት ቦታ ብዙ የለም። እትዬ የሺ እንደነገሩኝ ድሮ ቆሻሻ የሚደፋበት ባዶ ሜዳ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ አጠረው፣ በገልባጭ መኪና አፈር አስመጣ፣ ለወጣት ሠራተኞች አካፋና ባልዲ ሰጠና «አልሙት» አለ። ከእነዚያ ወጣቶች አንዷ እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ሰው ሁሉ ከሥሩ የሚቀመጥበትን ጃካራንዳ ከጉልበታቸው በታች ሆኖ ያውቁታል።

እኔን ያስገባችኝ እናቴ ናት። የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት እንዳለቀ «ክረምቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደሽ አትከርሚም» አለችና እጄን ይዛ ወስዳ ለእትዬ የሺ አስረከበችኝ። በክረምት በየቀኑ፣ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሠራ ነበር። የሚከፈለኝ ለደብተርና ለፀጉር ቅባት ይበቃል፤ ስለ ክፍያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያ ምደባዬ ችግኝ ጣቢያው ነበር። ጥቁሩን ፕላስቲክ በአፈር፣ በአሸዋና በበሰለ ፍግ መሙላት ማለት ነው። ቀላል መስሎኝ እየሞላሁ ስደረድር እትዬ የሺ መጡና አንዱን አንስተው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። መሃሉ ሰመጠ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ሞልቼዋለሁ እኮ።»

«ላዩን ነው የሞላሽው። መሬት ላይ ጠብ ጠብ አድርጊው፣ ይውረድ፣ እንደገና ሙዪው። ውስጡ ባዶ ከቀረ ሥሩ ወርዶ ወርዶ እዚያ ሲደርስ የሚይዘው ያጣል። ከላይ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ታች አልቆለታል። አንቺ ግን አታይውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። አሁንም ስኳር ዕቃ ውስጥ ስገለብጥ ጠብ ጠብ ሳላደርግ አልተውም፤ እናቴ ትስቃለች።

ሁለተኛው ምደባዬ አደባባይ ነው። የአደባባይ አበባ ማጠጣት ሥራው ሳይሆን የሰዉ አፍ ነው የሚከብደው። ባጃጆቹ እየዞሩ፣ «አትክልተኛዋ! እኔንም አጠጪኝ እንጂ፣ ደርቄያለሁ!» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን አቀረቅር ነበር። በኋላ ግን የውሃውን ጎማ ቀና አድርጌ «እኛ አረም አናጠጣም!» ማለት ስጀምር ሥራዬን ወደድኩት።

ሦስተኛውና ትልቁ ምደባዬ ሣሩ ነው። የሙሽሮች ሣር።

ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮች በመኪና ታጅበው፣ ጥሩምባ እያስነፉ መጥተው ፎቶ የሚነሱበት ሰፊ ሜዳ ነው። የመናፈሻ ሥራ ዓመቱን የሚከፋፍለው በሠርግ ነው፤ ይኼን ማንም አይነግራችሁም። ጥር ሣር የሚሞትበት ወር ነው፤ በተረከዝ ጫማ ተወግቶ ተወግቶ ወንፊት ይሆናል። ሁዳዴ ሲገባ ሠርጉ ይቀንሳል፣ ሜዳው ይታጠርና ይታከማል። እኛ ጴንጤዎቹ በጾም መሃል ብናገባም ሙሽሮቻችን አበባው ጋ እንዲነሱ ይደረጋል። ለዳግማይ ትንሣኤ ሣሩ እንደ አዲስ ምንጣፍ መጠበቅ አለበት።

እትዬ የሺ አንድ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። የውሃውን ጎማ ከመክፈታቸው በፊት ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን መሬቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ጥቂት ይቆያሉ። ከዚያ ወይ «እሺ» ይላሉ፣ ወይ ምንም ሳይሉ ጎማውን ይዘው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ቃጫዎቹ ልምጣ።

ሣሩ መሃል ለመሃል የቃጫ አጥር ያልፍ ነበር። አጥር ልበለው እንጂ ምንም አያጥርም። ከመናፈሻው ግንብ ሥር ይነሳል፣ እንደ እባብ ይጣመማል፣ ሜዳው መሃል ሲደርስ በቃ ያቆማል። ወዲህም ሣር፣ ወዲያም ሣር። በእያንዳንዱ ቃጫ እሾህ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀጭን ነጭ ክር ታስሯል።

እናቴ መጀመሪያ ቀን ስታመጣኝ ክሮቹን አይታ ቆመች። እናቴ የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ውስጥ ናት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አትወድም።

«ይኼ ድግምት ነው» አለች።

«ድግምት አይደለም እመቤት፤ ክር ነው» አሉ እትዬ የሺ። «ከነጠላዬ ጫፍ የመዘዝኩት።»

«ለምን ይሆናል?»

«ለምልክት። ተክዬ የትኛውን እንዳጠጣሁ እንዳልረሳ።»

ቃጫ ደግሞ መቼ ነው ውሃ የሚጠጣው? እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ክሩን እንዳትነኪ» አለችኝና ሄደች።

የሰፈር ልጆች ስለ ቃጫዎቹ የሚያውቁት ሌላ ነገር ነበር። ኳስ ወደ ውስጣቸው ከገባ አይወጣም። ተጋድመው፣ በእንጨት ቆፍረው፣ እጃቸውን በእሾህ አስበልተው ይፈልጋሉ፤ የለም። ኦቦ ቱሉ ከበሩ ላይ ሆነው «ጠጥቶታል! ሂዱ፣ ሌላ ግዙ!» ይሏቸዋል። ይቀልዱ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት፣ በመጀመሪያው ክረምት፣ ሣሩን ለማጨድ ቀደም ብዬ ገባሁ። ናዝሬት ላይ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ብርቅ ነው፤ ያን ቀን ግን ቅጠል አይንቀሳቀስም። ጃካራንዳው ቆሟል። የማዘጋጃው ባንዲራ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቃጫዎቹ ላይ ያሉት ክሮች ግን ሁሉም ተወጥረዋል። ወደ ታች። ወደ ውስጥ። አንድ ሰው ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን በሁለት ጣቱ የያዘው ይመስል።

«እትዬ!» አልኩ። ድምፄ እንደ ጫጩት ነበር።

እትዬ የሺ ባልዲያቸውን ይዘው መጡ። አዩ። ምንም አልደነቃቸውም።

«ጠዋት ወደ ውስጥ ይስባል» አሉ። «ከሰዓት ይመልሳል።»

«ምኑ?»

«መሬቱ ነዋ።» ሻዩ ሞቋል የሚሉ ነው የሚመስሉት። «ነይ፣ ቀስ ብለሽ። እሾሁን ተጠንቀቂ።»

በሁለት ቃጫዎች መሃል አጎንብሰው ሣሩን ገለጥ አደረጉልኝ። ስንጥቅ አለ። እጅ በጎኑ የሚያስገባ፣ ጨለማ፣ ጠርዙ እንደ ተቆረሰ ዳቦ። ቀዝቃዛ አየር ጉንጬን አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። የጉንጬን ሙቀት ይዞ ሄደ ብል አላጋነንኩም።

ጠጠር ጣልኩ። ጆሮዬን ሰጠሁ። ምንም። ያቺ ጠጠር እስካሁን እየወደቀች ያለች ይመስለኛል።

«ይኼ አገር ከሥሩ የተሰፋ ነው» አሉ እትዬ የሺ። «ወደ መቂም፣ ወደ ዝዋይም እርሻ መሃል ስፌቱ ይከፈታል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኛ ትንሽ ናት። ክረምት ከባድ ዝናብ ሲጥል ትንሽ ወደ ፊት ትመጣለች። እኔ ደግሞ ጫፏ ላይ ቃጫ እተክላለሁ። ቃጫ ላይ የሚሄድ ሰው የለም፤ እሾሁ ያባርረዋል። በክሩ ደግሞ መተንፈሷን አያለሁ። ክሩ ዝም ያለበት ቦታ ድፍን ነው፤ ክሩ የሚሳብበት ባዶ ነው።»

«ለምን ለኃላፊዎቹ አይነግሯቸውም?»

«አንድ ጊዜ ነገርኩ። ድሮ፣ አንቺ ሳትወለጂ። ‹እንግዲያውስ ይዘጋ፣ ቦታው ለሌላ ይሰጥ› ተባለ። ይኼ ሁሉ ዛፍ ሊቆረጥ። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ። ከዚያ ያ ኃላፊ ተዛወረ፣ ነገሩ ተረሳ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ።» መዳፋቸውን አራገፉ። «ቃጫው ሥራውን እየሠራ ነው። ማን ተጎዳ?»

ልክ ነበሩ፤ ከኳስ በቀር የተጎዳ አልነበረም። እኔም በዚያ ክረምት ከመደሰቴ የተነሳ ጠዋት ጠዋት ሮጬ ነበር የምገባው። የሚተነፍስ መሬት ጠባቂ ነኝ እኮ! በቅርንጫፍ ጫፍ ከምትንቀሳቀስ ቢራቢሮ በላይ ደስ የሚለኝ እነዚያን ክሮች ማየት ነበር። ከሰዓት ላይ ይገላበጣሉ፤ ወደ ውጭ ተዘርግተው እንደ ድመት ጢም ይንቀጠቀጣሉ። ከሥር የሚወጣው አየር የቆየ ቤት ይሸታል፤ የማንም ያልሆነ ቤት።

ከዚያ አቶ ዳዊት መጡ።

አቶ ዳዊት አዲሱ የመናፈሻና የውበት ኃላፊ ናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት መናፈሻውን በመኪና መስኮት ነበር የሚያዩት። አቶ ዳዊት ግን በእግራቸው ይዞራሉ፣ አበባ ያውቃሉ፣ ጎማ ይይዛሉ፣ ለኦቦ ቱሉ በኦሮምኛ «አከም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ። ወደድናቸው። ይኼ ነው ነገሩን ያከበደው።

ከጥር ሠርጎች በኋላ እትዬ የሺን ቃጫዎቹ ጋ ጠሯቸው። እኔ ሣር እየነቀልኩ አጠገባቸው ነበርኩ።

«እትዬ የሺ፣ ይኼ አጥር ሜዳውን ለሁለት ቆርጦታል። ሙሽሮቹ እያዩት ወደ ሶደሬ እየሄዱ ነው። ስለ ክሩም ሰው ያወራል። ለሁዳዴ እንንቀለውና ሙሉ ሣር እናድርገው።»

«አይነቀል» አሉ እትዬ የሺ።

«ለምን?»

ቃጫውን አዩት። ከዚያ፣ «ከሥሩ ስንጥቅ አለ» አሉ።

አቶ ዳዊት አልሳቁም። ጎንበስ ብለው አዩ፣ እጃቸውን አስገቡ፣ አወጡና አሹት። «ጥሩ አደረጉ የነገሩኝ። እናስሞላዋለን። በደንብ እናስጠቀጥቀዋለን።» ቀና ብለው ወደ ሜዳው አዩ። «ከዚህ ሌላስ አለ? ወዲያ የሚሄድ ነገር አለ?»

የመጨረሻው ቃጫ ሜዳው መሃል ነው። ከእሱ ወዲያ ሣሩ ለጥ ብሏል። እትዬ የሺ ወደዚያ አዩ፤ በየክረምቱ ስንጥቋ ወደ ፊት እንደምትመጣ የሚያውቁት እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ወደ ዛፎቻቸውም አዩ።

«የለም» አሉ።

እኔን አላዩኝም። እኔም ሣሬን ነቀልኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በትልቅ ሰው መሃል ገብቶ «አለ» ማለት እንዴት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ገረጋንቲ በገልባጭ መጣ። ስንጥቁ ተሞላ፣ ተጠቀጠቀ፣ ከላይ አፈር ለበሰ፣ በሣር ተሰፋ። ቃጫዎቹ ተነቅለው ከችግኝ ጣቢያው ጀርባ ተከመሩ፤ ክሮቻቸው እንደታሰሩ። ሜዳው እውነትም አማረ። አቶ ዳዊት በደስታ ለሁላችን ሻይ ጋበዙን።

ሁዳዴው ደረቅ ነበር። የተሰፋው ሣር ግን አልያዝ አለ። ቃጫው በነበረበት መስመር ቢጫ ሆነ፤ ይባስ ብሎ ቢጫው ቃጫው ካቆመበት አልፎ ወደ ሜዳው መሃል ወጣ፤ ለሙሽሮች ፎቶ ወደሚመረጠው ቦታ። እትዬ የሺ በዓመታት ሥራቸው በሁዳዴ ያከሙት ሣር ሞቶባቸው አያውቅም። ውሃ ጨመሩ። ጠዋት ያጠጣሉ፣ ማታ ያጠጣሉ። ቦቴ አስመጥተውም አጠጡ።

አንድ ነገር ታዘብኩ። መዳፋቸውን መሬት ላይ ማሳረፍ ትተዋል። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ነው የሚያጠጡት።

ውሃው ደግሞ አይተኛም ነበር። ሌላ ቦታ ስናጠጣ ሣሩ ላይ ትንሽ ይቆማል፣ ያብለጨልጫል፣ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። እዚያ መስመር ላይ ግን እንደፈሰሰ ይጠፋል። ጎማውን ስዘጋው ከሥር ሰማሁት፤ ጉርር… ጉርር… በጣም የተጠማ ሰው ከጆግ ሲጠጣ።

«እትዬ፣ ሰሙት?»

«ቧንቧው ነው።»

«ቧንቧው በዚህ በኩል አያልፍም እኮ።»

«ሲፈን፣ አጠጪ ብያለሁ» አሉ። እንዲህ ተናግረውኝ አያውቁም።

ለፋሲካ ሣሩ አረንጓዴ ሆነ። ሙሉው፣ መስመሩም ጭምር። እትዬ የሺ ፈገግ ሲሉ አየሁ፤ እኔ ግን የፕላስቲኩ ነገር ትዝ አለኝ። ከላይ ቅጠሉ ለምለም ነው።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የመጀመሪያዎቹ ሙሽሮች ፀሐይ ሳይበረታ እንነሳ ብለው ገና በጠዋት መጡ። ነፋስ የለም። ጃካራንዳው ቆሟል።

ሙሽራይቱ ረጅም ቬሎ ለብሳለች። ከራሷ ላይ ዓይነ ርግብ ወርዶ ከኋላዋ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል፤ እንደ ጭጋግ ስስ። ሜዳው መሃል አቆሟት። ሚዜዎቹ ሙሽራውን ይዘውታል።

«አንተ፣ ላብህን ጥረግ! ገና ምኑን አይተህ!»

«ተወኝ፣ ክራቫቱ ነው።»

«አዎ፣ ክራቫቱ ነው። እኛም ክራቫቱን ነው የፈራነው።»

ፎቶ አንሺው ያማርራል። «ነፋስ! ናዝሬት ላይ ነፋስ አጣሁ! ሌላ ቀን ኮፍያ ነው የሚወስደው!»

ያኔ የዓይነ ርግቡ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

«እሰይ! መጣልን!» አለ ፎቶ አንሺው።

ግን አልተነሳም። ነፋስ ቢሆን ያነሳው ነበር። ጫፉ መሬት ለመሬት፣ ሣሩን እየዳበሰ፣ ቀስ እያለ ሄደ፤ ሁለት የሣር ቁራጮች የተሰፉበት ቦታ ላይ ሲደርስ ተሰበሰበና ገባ። ነጭ ጨርቅ በቀለበት ውስጥ እንደሚያልፍ፣ ገባ፣ ገባ።

የሙሽራይቱ ራስ ወደ ኋላ ቀና አለ። ሳቀች። «አንተ! አትጎትተኝ፣ ፀጉሬ ይበላሻል!»

ሚዜው ሁለት እጁን አነሳ። «እጄን እይ፣ እዚህ ነኝ!»

«ታዲያ ማን ነው?»

ሳቁ ከሁሉም ፊት ላይ አንድ በአንድ ጠፋ።

ወደ እትዬ የሺ ዞርኩ። ከጎኔ ጎንበስ ብለው፣ ከስንት ሳምንት በኋላ፣ መዳፋቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ነበር። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ከሣሩ ውጡ!» ብለው ጮሁ። «ሁላችሁም ውጡ! ሥሩ ባዶ ነው! እኔ አውቀዋለሁ፣ ባዶ ነው!»

ሰው ሮጠ። ሙሽራይቱ ግን መሮጥ አልቻለችም፤ ዓይነ ርግቡ ከሹሩባዋ ጋር ተሰፍቷል። ሙሽራው ወገቧን ይዞ ይጎትታል፣ ያኛው ደግሞ ከታች ይጎትታል። እትዬ የሺ ያን ትልቁን የአትክልት መቀስ ይዘው በዚያ ሣር ላይ ሮጡ። እኔም ሳላስበው ሮጫለሁ፤ የሙሽራይቱን ክንድ የያዝኩት ትዝ ይለኛል፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዛ ነበር። ቀጭ! ጨርቁ ተቆረጠ። ሁላችንም ወደ ኋላ ተዘረርን፣ ተነስተን ሮጥን፣ ጃካራንዳው ሥር ደረስን።

ዞረን አየን። ድምፅ አልነበረውም። ሣሩ አልተቀደደም፣ አልተሰነጠቀም። ሰው ሲቀመጥበት ፍራሽ እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ከዚያ አልነበረም። የተቆረጠው ዓይነ ርግብ የመጨረሻ ጫፍ ጠርዙ ላይ ለአፍታ ቆመና ገባ።

ሙሽሮቹ አስፋልቱ ዳር ፎቶ ተነሱ፤ ሙሽራይቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም። ከሰዓት በኋላ ግን ኦቦ ቱሉ በሩ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ይሸትሻል?» አሉኝ።

ሸተተኝ። መሬቱ መመለሻ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ከጉድጓዱ የሚወጣው አየር የሙሽራይቱን ሽቶ ይሸት ነበር። እስኪመሽ ድረስ መናፈሻው ሁሉ እሷን እሷን ሸተተ።

አቶ ዳዊት ያን ዕለት አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ከእትዬ የሺ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሌላ አለ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀኸኛል።» እስከዚያ ቀን ‹እርስዎ› ነበር የሚሏቸው።

«ታዲያ?»

«ትዘጋብኛለህ ብዬ ፈራሁ ልጄ።»

«አሁንስ?»

እትዬ የሺ ዛፎቻቸውን አንድ በአንድ አዩ። «አሁን ዝጋው» አሉ።

ተዘጋ። ዙሪያው በሽቦ ታጠረ፣ ባለሙያዎች መጥተው ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። የዘንድሮ ክረምት ሥራችን ችግኝ ጣቢያውን ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ማጓጓዝ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ፕላስቲክ መኪና ላይ ሲወጣ የእትዬ የሺም ጡረታ ደረሰ። እኔም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል መዘጋጀት ነበረብኝ። እትዬ የሺ መቀሱን ይዘው የሄዱት አቶ ዳዊት ስለፈቀዱላቸው ነው። ሌላ የወሰዱት ነገር የተከመሩት ቃጫዎች ያበቀሏቸውን ቡቃያዎች ነው፤ በጆንያ።

የሥራ ዘመኔ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር።

ከመሰናበቻው በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። በማግስቱ ከመናፈሻው ግንብ ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ ትንሽ ቃጫ ተተክሎ አየሁ። ጫፉ ላይ ነጭ ክር። ከሌላ ዝናብ በኋላ ከአስፋልቱ ወዲህ፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ሌላ። ቀጥሎ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ሰፈሩ መንሾካሾክ ጀመረ። እናቴም ከጸሎት ስትመለስ ፊቷ ተቀያይሮ «ያ ድግምት ወደ እኛ እየመጣ ነው» አለች። እኔ መስመሩን በዓይኔ ተከተልኩት። ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ግቢ የእኛ ነው።

ዛሬ ጠዋት በራችን ተንኳኳ።

እናቴ ከፈተች። እትዬ የሺ ቆመዋል፤ ቦት ጫማቸው ላይ ጭቃ፣ እጃቸው ላይ አካፋ። ከበራችን ፊት አዲስ ቃጫ ተተክሏል። በፊት ቢሆን ተክለው ዝም ብለው ይሄዱ ነበር። አሁን በየተከሉበት ቤት ሁሉ እያንኳኩ ነው የመጡት።

«እመቤት፣ ያን ጊዜ ለምልክት ነው ብዬሽ ነበር» አሉ። «ምን ምልክት እንደሆነ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ዛሬ ልንገርሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረና ወደ እኔ ዞሩ። «ሲፈን፣ አንቺ ንገሪያት። ሙሉውን።»

እኔም ከፕላስቲኩ ጀመርኩ። ከጠብ ጠቡ። እናቴ እጆቿን አጣምራ፣ ፊቷን አኮሳትራ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ስለ ኳሶቹ ነገርኳት። ጠጠሯ ጋ ስደርስ እናቴ ዓይኗን ከእኔ ላይ ነቅላ ቃጫው ላይ አሳረፈች።

ነፋስ አልነበረም። የጎረቤት ልብስ ገመዱ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ነጩ ክር ግን ቀስ ብሎ ተወጠረ፤ ወደ ታች፣ ወደ በራችን።

እናቴ ክሩን አየች። እኔን አየች። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ መዳፏን መሬት ላይ አሳረፈች።

«ቀጥዪ» አለችኝ።